ፀጉርን ለማትረፍ የሚከራይ ቀዝቃዛ ኮፍያ፦ ለታመመችውም ለምታስታምመውም



ከሳባህ አል-ሳሌምና ከቁሬን ሁለት እህቶች ለየብቻቸው ያቀረቡልን ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኗል። አንደኛዋ የምትሠራበት ቤት እመቤት የጡት ካንሰር ይዟቸው ኬሞቴራፒ ሊጀምሩ ነው። ልጆቻቸው «ፀጉር እንዳይረግፍ የሚያደርግ ኮፍያ» ከውጭ አገር ሊከራዩላቸው አስበዋል፤ «ኮፍያውን የምትቀያይሪው አንቺ ነሽ» ተብላለች። ሁለተኛዋ ግን የታመመችው ራሷ ናት። ጥያቄዋም አጭር ነው። «ፀጉሬ ሳይረግፍ መታከም እችላለሁ ወይ?» ትላለች።

ለሁለቱም የሚሆን መልስ ስላለ በአንድ ላይ እንጽፈዋለን። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አንብቡልን።

«ነፍስ ከተረፈ ፀጉር ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል። ነገር ግን በአገራችን ሴት ልጅ ፀጉሯን የምትላጨው ሐዘን ሲደርስባት ነው። ራሷን የተላጨች ሴት ያየ ሁሉ «ማን ሞቶባት ይሆን?» ይላል። በሽታን ሰው በፈለገበት ጊዜ፣ ለፈለገው ሰው ይናገራል፤ የረገፈ ፀጉር ግን ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ይናገራል። እናት በስልክ ምስል ልጇን ስታይ ሻሹን አይታ ትጠይቃለች። እዚህ ደግሞ ሌላ ስጋት አለ፤ «የታመመች ሠራተኛ አንፈልግም» እንባል ይሆን የሚለው። በዚህ ምክንያት ሕክምናውን ለመጀመር የሚያመነቱ፣ ጀምረውም የሚያቋርጡ ሴቶች በየአገሩ አሉ። ስለዚህ ነገሩን ከንቱ መሽቀርቀር አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም።

ለመሆኑ ፀጉር በኬሞ ለምን ይረግፋል? የካንሰር ሴል ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ነው። አብዛኛው የኬሞ መድኃኒትም ቶሎ የሚባዛውን እየፈለገ ይመታል። ታዲያ በሰውነታችን ውስጥ ጤነኛ ሆነው ሳለ ቶሎ የሚባዙ ሴሎች አሉ፤ የአፍና የሆድ ዕቃ ሽፋን፣ የፀጉርም ሥር። መድኃኒቱ እነዚህን ከበሽታው ለይቶ አያውቃቸውም። መርገፉ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይጀምራል።

ቀዝቃዛው ኮፍያ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ የራስ ቆዳ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ደም ሲቀንስ በደም ውስጥ ያለው መድኃኒትም ወደ ፀጉሩ ሥር የሚደርሰው ያነሰ ይሆናል። ሁለተኛው ለእኛ ለባለ ወጥ ቤቶች ለመረዳት ቀላል ነው። ሊጥ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ቶሎ አይቦካም፤ እርሾው አልሞተም፣ ሥራውን ግን አዘግይቷል። የፀጉሩም ሥር እንዲሁ ሲቀዘቅዝ መባዛቱን ያዘገያል፤ የደረሰው መድኃኒትም ያን ያህል አይጎዳውም። ቅዝቃዜው ከራስ ቆዳ በታች ስለማይዘልቅ መድኃኒቱ በቀረው አካል ሥራውን ይሠራል። ቆዳው ውስጥ የተደበቀ የካንሰር ሴል ቢኖር መድኃኒቱ ሳያገኘው ይቀራል የሚል ስጋት ሐኪሞችን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። በጡት ካንሰር በታከሙ ሴቶች ላይ የተደረጉት ክትትሎች ግን ኮፍያ ያደረጉት ካላደረጉት ይልቅ በራስ ቆዳቸው ላይ በሽታው እንደበዛባቸው አላሳዩም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ ሐኪሞች በከረጢት የተሞላ በረዶ በሕሙማን ራስ ላይ እያሰሩ ሞክረውታል። ወደ ማሽን ያደረሰው አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ነው። ግሌን ፓክስማን የሚባለው ሰው የቤተሰቡ ሥራ ቢራ ማቀዝቀዣ መሥራት ነበር። ባለቤቱ ሱ በጡት ካንሰር ታማ ኬሞ ስትወስድ፣ በዚያን ጊዜ የነበረው ኮፍያ ሳይረዳት ቀርቶ ፀጉሯ ረገፈ። ባልም ቢራ የሚያቀዘቅዝበትን ዕውቀት ወደዚህ አዞረው። ፈሳሽ በቱቦ እየተዘዋወረ ኮፍያውን ሳያቋርጥ የሚያቀዘቅዝበት የመጀመሪያው ማሽን በ1997 በሃደርስፊልድ ከተማ ሆስፒታል ተተከለ። በስዊድን ደግሞ ዲግኒታና የተባለው ድርጅት ዲግኒካፕ የሚባለውን ሠራ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዲግኒካፕን በታኅሣሥ 2015 ለጡት ካንሰር ሕሙማን ፈቀደ፤ በ2017 ደግሞ የፓክስማንን ማሽን ፈቀደ፤ ዲግኒካፕም ለሌሎች ዕጢ ለሚያወጡ ካንሰሮች ጭምር እንዲውል ፈቃዱ ሰፋ።

ምን ያህል ይረዳል? እዚህ ላይ ሻጮች የሚሉትንና ሐኪሞች የቆጠሩትን መለየት ያስፈልጋል። በየካቲት 2017 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ሁለት ጥናቶችን አወጣ። በአንደኛው ኮፍያ ካደረጉ 95 ሴቶች 48ቱ፣ በሁለተኛው ከ101 ሴቶች 67ቱ ቢያንስ ግማሹን ፀጉራቸውን አተረፉ። ኮፍያ ካላደረጉት መካከል ግን በሁለቱም ጥናቶች አንዲትም አላተረፈችም። ጥቅሙ እውነተኛ ነው ማለት ነው። ነገር ግን «አተረፈች» የሚባለው ግማሽና ከዚያ በላይ ሲቀር መሆኑን ልብ በሉ። ከግማሽ ያነሰ የረገፈባት ሴት ሻሽ ወይም ዊግ ሳታደርግ መውጣት ትችላለች፤ ፀጉሯ ግን መሳሳቱ አይቀርም። ኮፍያ እያደረጉም ከሦስት ወይም ከሁለት ሴቶች አንዷ አልተሳካላትም።

ልዩነቱን ከሚያመጡት አንዱ የመድኃኒቱ ዓይነት ነው። ፓክሊታክሴልና ዶሴታክሴል በሚባሉት ላይ ኮፍያው ጥሩ ይሠራል። ዶክሶሩቢሲን በሚባለው፣ በቀይ ቀለሙ ሕሙማን በሚያውቁት መድኃኒት ላይ ግን ውጤቱ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚሰጠኝ መድኃኒት ስሙ ማን ነው?» የሚል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ልዩነት በእኛ ላይ በቀጥታ ይመጣል። ኮፍያው የሚሠራው ቆዳን ሲነካ ነው፤ በቆዳውና በኮፍያው መካከል አየር ከገባ ቅዝቃዜው አይደርስም። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተደረጉት ለስላሳ ፀጉር ባላቸው ነጮች ላይ ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ጥቁር ሴቶችን ብቻ የመለከተ ጥናት ተደርጎ በ2021 ሲታተም፣ ከ15 ሴቶች ፀጉሯ የተረፈላት አንዷ ብቻ ሆና ተገኘች። ጥቅጥቅ ያለና የተጠቀለለ ፀጉር ኮፍያውን ከቆዳ አርቆ ይይዘዋል።

ይህን ያስተዋሉ ባለሙያዎች ታዲያ መላ ማበጀት ጀምረዋል፤ መላውም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፀጉሩን ከራስ ቆዳ ጋር አጣብቆ ቀጭን ሹሩባ መሥራት ነው። በሹሩባው መካከል ያለው መስመር ቆዳውን ገልጦ ስለሚያሳይ ቅዝቃዜው መግቢያ ያገኛል፤ የፀጉሩም ብዛት ይቀንሳል። ለስለስ ያለ ጥቅልል ፀጉር ያላት ደግሞ ከኮፍያው በፊት ፀጉሯን በውኃና በኮንዲሽነር አርሳ ታስተኛዋለች። ሹሩባው ግን ሥሩን የሚጎትት ጠባብ እንዳይሆን፣ ሰው ሠራሽ ፀጉርም እንዳይቀጠልበት። ቅቤም ሆነ ቅባት በዚያን ቀን አይቀባም። ከአገር ቤት በወጣን በስንት ዓመታችን ሹሩባ መሥራት የምትችል ጓደኛ ከሕክምና ረዳት ትቆጠራለች ማለት ነው።

አሁን ወደ ኪራዩ እንምጣ። ሁለት ዓይነት ኮፍያ አለ፤ ሰው የሚደናገረውም እነዚህን ባለመለየቱ ነው። የመጀመሪያው ከላይ ያልነው ማሽን ነው። ንብረትነቱ የሆስፒታሉ ነው፤ ታማሚዋ አትከራየውም፤ ለአገልግሎቱ ወይም ለኮፍያው ትከፍላለች። በእንግሊዝ በመንግሥት ሆስፒታሎች በነፃ ይሰጣል። ሁለተኛው በእጅ የሚቀያየረው ነው፤ ፔንግዊን የሚባለው የታወቀ ነው። በውስጡ የሚቀዘቅዝ ጄል ያለበት ሲሆን በወር ሒሳብ ይከራያል፤ ብዙ ኮፍያዎች በሳጥን ተደርገው በፖስታ ይላካሉ፤ ሕክምናው ሲያልቅ ይመለሳሉ። በአሜሪካ የአንድ ሙሉ ሕክምና ወጪ ብዙ ጊዜ ከ1,500 እስከ 3,000 ዶላር ይደርሳል። 1,500 ዶላር በዲናር ወደ 460 ይሆናል። በኩዌት በ2016 ለቤት ሠራተኛ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ 60 ዲናር መሆኑን አስቡና አስሉት፤ ከ7 ወር ደመወዝ ይበልጣል። በእኛ እምነት፣ ውጤቱ በመድኃኒቱና በፀጉሩ ዓይነት ለሚወሰን ነገር እህቶቻችን እንዲህ ያለ ዕዳ ውስጥ ሊገቡ አይገባም። ማሽኑ በምትታከሚበት ሆስፒታል ካለ ግን ጠይቂ። መጠየቂያውም ጊዜ ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ነው። አንድ ጊዜ መድኃኒቱ ከተወሰደ በኋላ ኮፍያውን ልጀምር ቢሉ ያመለጠው አይመለስም።

በገበያና በስልክ ማስታወቂያ «የራስ ምታት ኮፍያ» እየተባለ በጥቂት ዲናር የሚሸጠው የጄል ኮፍያ ለዚህ አገልግሎት አይሆንም። ከቤት ፍሪዘር የወጣ በረዶ ወይም የታሸገ አተር በራስ ላይ አስሮ ሰዓታት መቀመጥም ቆዳን ያቃጥላል። ብርድ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ቁስሉም ኬሞ በምትወስድ ሴት ላይ ቶሎ አይድንም።

ኮፍያው የማይፈቀድላቸውም አሉ። የደምና የንፍፊት ካንሰር ያለባቸው፣ ቅዝቃዜ ሲነካቸው ሰውነታቸው የሚያብጥ ወይም ደማቸው የሚታወክ፣ ራሳቸው ላይ ጨረር የታዘዘላቸው አይጠቀሙም። የሐኪሙ ፈቃድ ሳይኖር ኪራይ መክፈል ገንዘብን ሜዳ ላይ መበተን ነው።

አሁን ለመጀመሪያዋ እህታችን። ኮፍያ ቀያሪ ሆነሽ ከእመቤትሽ ጋር ወደ ሙስተሽፋ የምትሄጂ ከሆነ ሥራው ቀላል እንዳይመስልሽ። የመጀመሪያው ኮፍያ መድኃኒቱ ከመጀመሩ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ይደረጋል። ከዚያ በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው ሞቅ ያለው ወጥቶ አዲሱ ይገባል፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ለሰዓታት ይቀጥላል። ማሽን ሲሆን መቀያየር የለም፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ብዙ ጊዜ 90 ደቂቃ ይቆያል። ዶሴታክሴል ለሚወስዱ ግን 20 ደቂቃም እንደሚበቃ የኔዘርላንድ ሐኪሞች አሳይተዋል። ከባዱ የመጀመሪያው 10 እና 15 ደቂቃ ነው፤ ራስ ያማል፣ ያንቀጠቅጣል፤ ከዚያ ይደነዝዛል። ወፍራም ብርድ ልብስና ትኩስ ሻይ ይዘሽ ሂጂ። ግንባርና ጆሮ ላይ ጨርቅ ማድረግም አትርሺ፤ ባዶ ቆዳ ላይ ያረፈ ኮፍያ ያቆስላል።

ከሁሉ በላይ ግን ጥንቃቄ የሚያሻው ኮፍያዎቹን የሚያቀዘቅዘው ነገር ነው። በተራ በረዶ አይሆንም፤ ድራይ አይስ የሚሉት ደረቅ በረዶ ያስፈልጋል። ይህ የረጋ ውኃ አይደለም፤ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ነው። በባዶ እጅ ከተያዘ ቆዳ ይልጣል፤ ወፍራም ጓንት ግድ ነው፤ የዕቃ ማጠቢያው ቀጭን ላስቲክ አይበቃም። ሲሟሟ ውኃ አይሆንም፤ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ በተዘጋ ቦታ ወለሉ ላይ ተጠራቅሞ አየርን ያሳጣል፤ ሰው ያፍናል። እዚህ በኩዌት በበጋ መኪና መስኮት ተዘግቶ ኤሲ በርቶ ነው የሚኬደው። እንግዲህ የደረቅ በረዶ ሳጥን ከኋላ ተጭኖ፣ ኤሲው የውስጡን አየር ብቻ እያዘዋወረ፣ አንቺ ከሳጥኑ አጠገብ ብትቀመጪ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ ገምቺ። ሾፌሩ ኤሲውን ከውጭ አየር እንዲያስገባ፣ መስኮትም እንዲከፈት ንገሪው። ራስ ማዞር ወይም ትንፋሽ ማጠር ከተሰማሽ መኪናው ቆሞ ሁላችሁም ውጡ። ሳጥኑን የሠራተኛ መኝታ ክፍል ውስጥ አታሳድሪ፤ «ሌላ ቦታ የለም» ቢሉሽም እንኳ እምቢ የሚባልበት ጉዳይ ይህ ነው። አየር በማያስወጣ ዕቃ ውስጥም አይከደንም፤ ጋዙ ሲበዛ ዕቃው ይፈነዳል።

ከኮፍያው ውጭ ቢሆንም እዚሁ ላይ ልንጨምረው የምንወደው አንድ ነገር አለ፤ ብዙ እህቶች ሳይነገራቸው ስለሚሠሩት ነው። ኬሞ የወሰደ ሰው መድኃኒቱ በሽንቱ፣ በትውከቱና በዓይነ ምድሩ ቢያንስ ለ48 ሰዓት ይወጣል። በእነዚያ ቀናት መጸዳጃ ቤት ስታጸጂ፣ የቆሸሸ አንሶላ ስታነሺ ጓንት አድርጊ፤ የመጸዳጃው ክዳን ተዘግቶ ውኃው ሁለት ጊዜ ይለቀቅ፤ ልብሱም ከሌላው ተለይቶ ይታጠብ። እርጉዝ የሆነች ወይም ልሆን እችላለሁ የምትል ሠራተኛ ይህን ሥራ ባትነካው ይሻላል። ጓንት መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ በሆስፒታሉ ያሉት ነርሶችም ያደርጋሉ፤ ለማዳም ያንን አሳዪአቸው።

ለሁለተኛዋ እህታችን። በኩዌት የካንሰር ሕክምና የሚሰጠው በዋናነት በሳባህ የሕክምና አካባቢ ባለው የካንሰር መቆጣጠሪያ ማእከል ነው። ታክሲ ስትይዢ አትሳሳቺ፤ እኛ ባለንበት ጠቅላይ ግዛት ስም የሚጠራው ሙባረክ አል-ከቢር ሆስፒታል ያለው ጃብሪያ ነው፤ እርሱም ሌላ ሆስፒታል ነው። በ2015 የወጣው ቁጥር 68 የቤት ሠራተኞች ሕግ ምግብን፣ ልብስንና መኖሪያን ብቻ ሳይሆን መድኃኒትንና ሕክምናንም በአሠሪው ላይ የጣለ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍትም በሕጉ አለ። ፓስፖርትሽንም መያዝ ተከልክሏል። አሠሪሽ ሕክምናውን ከከለከለሽ የሰው ኃይል ባለሥልጣን የቤት ሠራተኞች ክፍል አቤቱታ ይቀበላል፤ ኤምባሲያችንም ማወቅ አለበት። የሐኪሙን ወረቀት ሁሉ ፎቶ አንሥተሽ ለምታምኛት ጓደኛ ላኪ። ስልክሽ ቢጠፋ ወይም በድንገት ወደ አገር ቤት ብትላኪ፣ የመድኃኒቱ ስምና የወሰድሽው መጠን የሌለበት ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል።

አገር ቤት ሄዶ መታከም የመረጠች ብትኖር፣ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ ሆኖ ኖሯል፤ ወረፋውም ረጅም ነበር። አሁን በክልል የተከፈቱም አሉ። በደም ካንሰር ባጡት ሕፃን ልጅ ስም ወላጆቹ በ2004 ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ በመስጠት ይታወቃል።

ስለ ጥያቄሽ ግን፦ ማሽን ካለና መድኃኒትሽ የሚስማማ ከሆነ ዕድል አለሽ፤ ማረጋገጫ ግን ማንም አይሰጥሽም። ኮፍያ ኖረም አልኖረ ፀጉርሽን በሰፊ ማበጠሪያ ቀስ ብለሽ አበጥሪ፣ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ አትታጠቢ፣ ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ይሁን። ማድረቂያ፣ ቀለምና ማለስለሻ ኬሚካል ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆዩ። ኮፍያ የማይኖርሽ ከሆነ መርገፍ ሳይጀምር ፀጉሩን በአጭሩ ማስቆረጥ ብዙዎችን ረድቷቸዋል፤ ትራስ ላይ ጭብጥ ሙሉ ፀጉር ማየት ከመቀስ ይልቅ ይከብዳልና። ለእናትሽም ፀጉሩ ሳይነግርባቸው አስቀድመሽ አንቺ ንገሪ። ቅንድብና ሽፋሽፍትም ሊረግፉ ይችላሉ፤ ኮፍያው እነርሱን አይጠብቅም፤ በሚነፍሰው አሸዋ ሰሞን መነጽር አድርጊ።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ፀጉር ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ማቆጥቆጥ ይጀምራል። መጀመሪያ ሲወጣ አንዳንዴ እንደ ሕፃን ፀጉር የሳሳ፣ አንዳንዴም ከቀድሞው ይልቅ የተጠቀለለ ይሆናል። ቢያንስ አንድ ጣት እስኪያህል ድረስ ሹሩባ ባይሠራበት መልካም ነው።